ጣና ያረመው ረቂቅ፤ የጥር ወር የጉዞ ማስታወሻ

በየወሩ መጨረሻ አንድ ልማድ አለኝ። ደብተሬን እከፍትና በግራ በኩል በወሩ ያነበብኳቸውን የፍቅር ልብ ወለዶች፣ በቀኝ በኩል የጻፍኩትን ገጽ እመዘግባለሁ። የታኅሣሥ ግራው ሞልቷል፤ ስድስት መጽሐፍ። ቀኙ ላይ ግን «4 ገጽ» ይላል። አራቱም ገጽ ሁለት ሰዎች ካፌ ቁጭ ብለው ማኪያቶ ሲጠጡ ነው። ማኪያቶው ቀዘቀዘ፤ እነሱ ምንም አልተባባሉም፤ እኔም ተኛሁ።

የምጽፈው የፍቅር ልብ ወለድ ረቂቅ በጠቅላላው 164 ገጽ ደርሷል። ታሪኩ ባሕር ዳር ነው። ልጅቷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ልጁ ጀልባ ይነዳል። እኔ ደግሞ ባሕር ዳርን የማውቃት ለሁለት ቀን ስብሰባ ሄጄ፣ ከአዳራሽ መስኮት ነው። ይህን ለአንዲት ጓደኛዬ ብነግራት «ሰው የምትሸውጂው እስከ መቼ ነው?» አለችኝ። ሽምብጥ አካባቢ ክፍል የሚያከራዩ አክስት አሏት። ጥምቀት እስኪያልፍ ጠበቅኩና ጥር 13 ቀን 2012 ዓ.ም. ተነሣሁ።

ጥር 13፣ ረቡዕ። መንገድ

አውቶቡሱ ከመስቀል አደባባይ የተነሣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ቲኬቱ 400 ብር። ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት መጽሐፍ ይዣለሁ። አንደኛው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ በየሁለት ሦስት ዓመቱ እደግመዋለሁ። ሁለተኛው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»። ሦስተኛው ከአዟሪ በ30 ብር የገዛሁት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ የፍቅር ታሪክ ነው። የማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ረዳቱ ፌስታል ማደል ጀመረ። እኔ «አያስፈልገኝም» ብዬ መለስኩለት። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ በምልክት ጠራሁት። ሌላ አልናገርም።

ደብረ ማርቆስ ምሳ በላን። ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን፣ 45 ብር። ሽሮው እኔ ሰፈር ከሚሸጠው ወፈር ያለ ነው፤ እንጀራውም ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሲቆርሱት የሚለጠጥ የጎጃም ጤፍ።

ከምሳ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምጠብቀው፤ ማንኩሳ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ው በዛብህ አገር። ከፍኖተ ሰላም ወጥተን ቡሬ ሳንደርስ መንገድ ዳር ላይ ናት። ጎኔ ለተቀመጡት አዛውንት «ማንኩሳ ስንደርስ ይንገሩኝ» አልኳቸው። «ዘመድ አለሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ከዚያ የምሳው ሽሮ ሥራውን ሠራ። ስነቃ ቡሬ ነን።

«ማንኩሳን አለፍን እንዴ?»

«ኧረ ከቆየን! እንቅልፍሽ ጣፋጭ ነበር፤ አሳዘንሽኝ» አሉ አዛውንቱ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ መንገድ ነው። ባሕር ዳር ስንገባ ሊመሽ ምንም አልቀረው። ባጃጁ 50 ብር አስከፈለኝ። የቤቱ እመቤት ሲሰሙ በሣቅ ወደቁ፤ ለካ 15 ብር ነበር።

ጥር 14፣ ሐሙስ። ፀሐይዋ በየት ገባች

እማማ (ጓደኛዬ አክስቷን እንዲህ ነው የምትጠራቸው፣ እኔም ወረስኩት) ጠዋት ቂጣ በቅቤ ይዘው መጡ። ክፍሉ በቀን 200 ብር ነበር። ግቢው ውስጥ አንድ ማንጎ፣ አንድ ሎሚ፣ ሁለት ዶሮ አለ። ጽሑፌን ልሠራ ማንጎው ሥር ጠረጴዛ አወጣሁ። አንዷ ዶሮ ላፕቶፑ ላይ ወጣች። እኔም ተነሥቼ ወደ ከተማ ሄድኩ።

ባሕር ዳር ለአዲስ አበባ እግር ገነት ናት። ሜዳ ናት። ብስክሌት የሚነዱ ልጃገረዶች፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች በብስክሌት ኋላ ተቀምጠው። እኔ ሰፈር ከታክሲ ወርጄ ቤቴ እስክደርስ ሁለት ጊዜ ነው ትንፋሽ የምሰበስበው። እዚህ ከዘንባባው ሥር ሁለት ሰዓት ሄድኩ፤ ያላበኝ ሙቀቱ ብቻ ነው።

ምሳ ሐይቅ ዳር በላሁ። ሙሉ ቆሮሶ ጥብስ፣ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር፣ 90 ብር። አዲስ አበባ ዓሣ ስበላ እጄ ላይ ከሁሉ የሚቀረው የዘይት ሽታ ነው። ይኼኛው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሁለተኛ ላዝ ብዬ አፍሬ ተውኩት።

ከዚያ እዚያው ቡና እየጠጣሁ ምሽቱን ጠበቅኩ። ምክንያት ነበረኝ። ምዕራፍ 7 ላይ ሁለቱ ሰዎቼ እዚሁ ዳርቻ፣ በጥር ወር፣ ተቀምጠው ፀሐይዋ «ቀስ ብላ ጣና ውስጥ ጠለቀች» ብያለሁ። ሁለት ገጽ ሙሉ ነው ያጠለቅኳት። ውኃው ቀላ፣ ወርቅ ሆነ፣ ደም ሆነ። በጣም የምወደው ክፍል ነበር።

12 ሰዓት አለፈ። ፀሐይዋ ወደ ግራ አዘነበለች። ሐይቁ ከፊት ለፊቴ በሰሜን በኩል ተንጣልሏል፤ እሷ ግን ውኃውን ጥላ ወደ የብሱ ሄደች። ከዛፎቹ ጀርባ ገባች፤ ከዛፍም አልፋ ከአንድ ቤት የውኃ ታንከር ጀርባ።

አስተናጋጁን ጠራሁት። «ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትገባው?»

«በበጋ አዎ፣ እህቴ። ሰኔ ላይ ከመጣሽ ወደዚያ ወደ ውኃው ትመጣለች» አለና በእጁ አሳየኝ። እንደ ፈረቃ ሠራተኛ ነው የሚያወራላት።

ግን ያን ምሽት ሌላ ነገር አየሁ። ፊት ለፊቴ ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ ከያዙት ደብተር የፔዳ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ልጆች መሰሉኝ። ልጅቷ ታነባለች። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ዓይኗ ውስጥ ገባች። ልጁ ወንበሩን ትንሽ ሳብ አደረገ፤ የሱ ጥላ ፊቷ ላይ አረፈ። ፀሐይዋ ስትንቀሳቀስ እንደገና ሳብ አደረገ። ሦስት ጊዜ። አንዴም ቀና ብላ አላየችውም፤ እሱም ምንም አላለም። ስልኩን ነው የሚያየው። ሦስተኛው ላይ ግን ገጹን ሳትገልጥ ብዙ ቆየች።

ማታ ሁለቱን የፀሐይ ገጾች ሰረዝኳቸው። አንጀቴ ቆስሎ ነው።

ጥር 15፣ ዓርብ። መብራት የለም

መብራት ከረፋዱ 4 ሰዓት ሄዶ ማታ 2 ሰዓት መጣ። ላፕቶፑ በ6 ሰዓት ሞተ። ስለዚህ አነበብኩ።

ሽፋን የለሿን መጽሐፍ ጨረስኳት። በእንዲህ ዓይነቶቹ መጻሕፍት ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል። አንባቢው የሚከፍለው መጨረሻውን ለማወቅ ሳይሆን መንገዱን ለማየት ነው። መጨረሻው ላይ አብረው ካልሆኑ የፈረንጁ አንባቢ ብሩን መልሱልኝ ይላል። ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። አንባቢው መጨረሻውን እያወቀ ልቡ እንዲሰቀል ማድረግ ከባድ ሙያ ነው። ገጽ 30 ላይ መሳሳማቸውን ግን አልወደድኩላትም። ምን ቸኮሉ?

ማታ እማማ ኩራዝ ይዘው መጡ። ዓርብ ስለሆነ ዓሣ የለም፤ እሳቸው በጾም ቀን ዓሣም አይነኩም። ምስር ወጥ በላን። ጭለማ ወሬ ይወዳልና የምጽፈውን ጠየቁኝ። የልጅቷንና የጀልባ ነጂውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

«መጨረሻውስ?»

«ይሞታል። ማዕበል ይነሣና ጣና ውስጥ ይሰጥማል።»

«ለምን?»

አሰብኩ። «ታሪኩ እንዲያሳዝን።»

«ሐዘን አንሶን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ቀጠሉ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቤት ይሰበሰብ እንደነበር አወሩኝ። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የሞቱ ለታ እናታቸው እራት ሳይበሉ ተኙ አሉ። «እንደ ጎረቤት ለቅሶ ነው የተቀመጥነው። ያን ጊዜ ይበቃናል ብዬ ነበር። አሁን አንቺም ልትገድይ መጣሽ?»

ጥር 16፣ ቅዳሜ። ክብራንና ዘጌ

የጉዞዬ ትልቁ ቀን ይህ ነው፤ ታገሡኝ።

ጀልባ ብቻዬን ልከራይ ብል 1,000 ብር። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ወደቡ ላይ ቆሜ ሰው ጠበቅኩ። አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ አዲስ ተጋቢዎች፣ እኔ። ለእያንዳንዳችን 250 ብር ደረሰን። የቀረበልኝ የመንሳፈፊያ ጃኬት ማሰሪያው ተበጥሷል። ጀልባ ነጂው «ለፎቶ ነው» አለኝ።

እሱን በጥያቄ አደረቅኩት። ጣና ጥልቀቱ ስንት ነው? «ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ትልቁ 14 ሜትር ቢሆን ነው።» ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ ሐይቅ፣ ጥልቁ 14 ሜትር ገደማ! እኔ ልጁን ያሰጠምኩት «መጨረሻ በሌለው ጥልቀት» ውስጥ ነው። ለመስጠም ሁለት ሜትርም እንደሚበቃ አውቃለሁ። ግን መጨረሻ አለው።

መጀመሪያ ክብራን ገብርኤል ደረስን። ዛፍ የሸፈናት ትንሽ ደሴት ናት። እዚህ ላይ ጉዴ ፈላ። ምዕራፍ 10 ላይ ሁለቱ ሰዎቼ እጅ ለእጅ ተያይዘው የክብራንን ደረጃ ይወጣሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ይሳላሉ። እኔም ከጀልባ ልወርድ እግሬን አነሣሁ።

«እህቴ፣ አንቺ እዚሁ ነሽ» አለ ነጂው። «ሴት አይገባም።»

አውቅ ነበር እኮ! የሆነ ቦታ አንብቤዋለሁ። ስጽፍ ግን ረሳሁት፤ ወይም እንዳላወቀ ሆንኩ። ለነጂው የጻፍኩትን ብነግረው ለጓደኛው በስልክ ደውሎ ነገረው።

አስተማሪውና ሙሽራው ወጡ። ሙሽሪትና እኔ ጀልባዋ ላይ ቀረን። መጀመሪያ ተሣሣቅን። ሰልፊ ተነሣች። ከዚያ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣለች። ከዚያ ዝም አለች። ውኃው የጀልባዋን ሆድ ይመታል፤ ላያችን ላይ ፀሐይ ብቻ ነው። ዓይኗ ከመንገዱ ጫፍ፣ ከዛፎቹ መሐል አልነቀል አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይታ ነጂውን «ብዙ ይቆያሉ?» አለችው። ባሏ የሄደው እኮ ከዓይናችን ትንሽ ራቅ ወዳለች ኮረብታ ነው። ግን እሷ የማትረግጠው መሬት ላይ ነው ያለው።

ሲመለስ ሩጫ ቀረሽ ነው። «ምን አየህ?» አለችው። እሱ መናገር ጀመረና ተወው። እጁን ሐይቁ ውስጥ ነከረና ደረቁ የጀልባ መቀመጫ ላይ በጣቱ ክብ ሣለ። «ይኼ ቤተ ክርስቲያኑ ነው።» ውስጡ አራት ማዕዘን ሣለ። «ይኼ መቅደሱ። እዚህ ጋ ቆሜ ነበር።» ነጥብ አደረገ። ነጥቡን በጣቷ ነካችው። ፀሐዩ ኃይለኛ ስለነበር ክቡ ዓይናችን እያየ ደረቀ። እሱ እንደገና ነከረ።

እኔ አስሬ «እወድሻለሁ» ያስባልኩት ሰው አለኝ ረቂቄ ውስጥ። አፍሬ ወደ ውኃው ዞርኩ።

ዘጌ ስንደርስ ወደቡ በነጠላ ነጭ ሆኗል። ለካ 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት ነው። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው፤ ግራና ቀኙ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ ቡና። ልጆች ከደንገል (ሐይቅ ዳር ከሚበቅል ሸምበቆ መሰል ተክል) የተሠሩ ጣት የሚያክሉ ታንኳዎች ይሸጣሉ። አንዱን በ20 ብር ገዛሁ፤ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ጫማ አውልቀን ገባን። መቅደሱን የከበበው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ሙሽራው ሚስቱን ክንዷን ይዞ «ይኸው፣ እንዲህ ዓይነት ነው» አላት። የዘጌው ቤተ ክርስቲያን በጀልባዋ መቀመጫ ላይ ለተሣለው መተኪያ ሆነ።

ዘጌን የፈለግኩት ግን ለሌላ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለደው እዚህ ነው፤ በ1860 ዓ.ም.። ሥዕል ሊማር ጣልያን ተላከ፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ፤ «ልብ ወለድ ታሪክ»። ኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ። እኔና መሰሎቼ «ልብ ወለድ ጸሐፊ ነን» የምንለው ከሱ አርእስት በተወሰደ ቃል ነው። በኋላ ዘመኑ ከጣልያን ጋር ቆሞ ስሙን ያጎደፈ ሰው ነው፤ ይህንንም አልዘለውም። የተወለደበትን ቦታ የሚያሳየኝ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። አንድ አባት ብቻ «የዘጌ ሰው ሁሉ የተወለደው ቡና ሥር ነው» አሉኝ።

ስለዚህ ቡና ሥር ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት በ10 ብር ከነፈንዲሻው አፈሉልኝ፤ ሦስቱንም ጀበና። እዚያ ላይ ነው አንድ ነገር የታየኝ። «ጦቢያ» መጨረሻዋ ሠርግ ነው። በወንድ ልብስ ተደብቃ ስንት የተንከራተተችው ልጅ ንጉሡን አግብታ ነው መጽሐፉ የሚዘጋው። የፍቅር ልብ ወለዳችን አሐዱ ያለው በሠርግ ነው ማለት ነው። ከዚያ በ1958 ዓ.ም. ሐዲስ ዓለማየሁ መጡና ሰብለንና በዛብህን አንድ መቃብር ውስጥ አስተኙልን። በጣም አሳምረው ስላስተኟቸው እኛ ከኋላ የመጣነው ፍቅር ያለ ሬሳ አይሆንም ብለን ያዝነው። እሳቸው ግን ዝም ብለው አልገደሉም። በዛብህ ላይ የእናቱ ስለት ነበረበት፤ ሰብለ ላይ የአባቷ የዘር ኩራት። ያ ዓለም ለሁለቱ ቦታ አልነበረውም። የኔ ጀልባ ነጂ ምን አለበት? ማንም አልከለከለው። ማዕበሉን ያመጣሁበት ሌላ ምዕራፍ መጻፍ ስላቃተኝ ነው።

አንድ ኪሎ የዘጌ ቡና ገዝቼ ወረድኩ።

ስንመለስ ከሰዓት ነበር። ጀልባ ነጂዎች ጠዋትን የሚመርጡት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ነፋስ ተነሣ። ጣና ጀልባዋን እያነሣ ያፈርጣት ጀመር። አስተማሪው ዳዊት መድገም ያዙ። እኔ ላይ የደረሰው ጉዳት ግን ደብተሬ ነው፤ አንድ ማዕበል ጭኔ ላይ ጠጣው። የታኅሣሥ ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። «4 ገጽ» የሚለውን ማንም አያነበውም። አልከፋኝም።

ጥር 17፣ እሑድ። ታንኳ

ምዕራፍ 12 ላይ ልጅቷ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ታንኳ ላይ፣ ትከሻው ላይ ተደግፋ ትተኛለች።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ልጅ በ50 ብር ዳር ዳሩን ሊያዞረኝ ተስማማ። ታንኳ የደንገል እስር ነው። ጀልባ ውኃ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ታንኳ ግን ውኃ እየጠጣ ነው የሚሄድ። ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ አይሰጥምም፤ ከሥራ በኋላ ግን እየከበደ ስለሚሄድ አውጥተው አቁመው ያደርቁታል። ዳርቻው ላይ ተደርድረው የቆሙት ለዚያ ነው። ከፍ ብዬ እንድቀመጥ ደረቅ ደንገል አነጠፈልኝ። ሁለት ደቂቃ አልቆየሁም፤ ቀሚሴ ረጠበ። ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ስል «አትንቀሳቀሺ!» ብሎ ጮኸ። ትከሻውን ተደግፎ መተኛት የሚባል ነገር የለም። እሱ ከኋላ ይቀዝፋል፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ከፊት ነኝ። ፊቱን እንኳ አላየሁትም፤ የመቅዘፊያውን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው።

ምዕራፍ 12 እንደገና ይጻፋል። ቀሚሱ ነጭ አይሆንም።

ቤት ስገባ እማማ ከወገቤ በታች አይተውኝ «ደግሞ ምን አሠራሽ ይኼ መጽሐፍ?» አሉ።

ጥር 18፣ ሰኞ

ጢስ ዓባይ ልሄድ ነበር። 30 ኪሎ ሜትር ነው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ግን በዚህ ወቅት ውኃው ቀጭን ነው፣ የሚበዛው ለኃይል ማመንጫው ይሄዳል፣ ክረምት ሲወጣ ነይ አለኝ። ረቂቁ ውስጥ በጥር ወር ፏፏቴው «ምድርን ያናውጣል»። ያንን እዚያው ተቀምጬ ሰረዝኩት፤ የመኪና ዋጋም ተረፈኝ። በሱ ፋንታ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣሁ። ዓባይ ከላይ ሲታይ ምንም የማያውቅ ልጅ ይመስላል። ያኔ በዓባይ ላይ አዲስ ድልድይ እየተሠራ ነበር።

ጥር 19 እና 20። ሥራ

ሁለት ቀን ከግቢ አልወጣሁም። ዶሮዋም ለመደችኝ። ቆረጥኩ። አሥር ጊዜ ከሚባለው «እወድሻለሁ» ዘጠኙን አወጣሁ። የክብራኑን ምዕራፍ ከሥሩ ነቅዬ እንደገና ጀመርኩት፤ አሁን እሱ ወጥቷል፣ እሷ ጀልባዋ ላይ ናት። እዚያ ላይ ቆሜያለሁ። ሲመለስ ምን እንደሚላት አላውቅም። በጣቱ እንዲሥል አላደርገውም፤ ያ የሙሽሮቹ ነው።

ማክሰኞ ማታ እማማ ቆሮሶ ይሠራሉ፤ እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ዓሣ ነጋዴ ነበሩ። «እንዴት ተዋወቃችሁ?» አልኳቸው። ከወጡ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ ነገሩኝ። እናታቸው ጠላ ይሸጡ ነበር። ሰውየው በየሳምንቱ ለቤቱ ዓሣ ያመጣል። አንድ ቀን እማማ ቅርፊት ሲልጡ እጃቸውን ቆረጣቸው። በሚቀጥለው ሳምንት የመጣው ዓሣ ቅርፊቱ ተልጦ ነው። ከዚያም ወዲያ ሁልጊዜ ተልጦ ነው የሚመጣ። ዓመት ያህል።

«ምንም ሳይናገሩ?»

«ምን ይናገራል? የተላጠ ዓሣ እያየሁ!» ማማሰያውን አስቀመጡ። «እናቴ ናት ቀድማ የነቃችው። ‹ይኼ ሰው ለኔ ሲያመጣ ከነቅርፊቱ ነበር› አለች።»

መጽሐፌ ውስጥ ላግባው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ስሜን ብቻ አታንሺ። የኔን ሰውዬ ደግሞ ውኃ ውስጥ እንዳትከችብኝ» አሉ።

ጥር 21፣ ሐሙስ። መመለሻ

የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው። እማማ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ስለነበር በር ላይ ተገናኘን፤ እኔ ስወጣ እሳቸው ሲገቡ። ድርቆሽና አምስት ሎሚ በፌስታል አስያዙኝ። ባጃጁ 15 ብር ነበር።

በዚህኛው ጉዞ አልተኛሁም። ቡሬን ስናልፍ ጉንጬን ቆነጠጥኩ። ማንኩሳ መጣች። ቆርቆሮ ቤቶች፣ ሦስት ባጃጅ፣ በርበሬ ያሰጣች ሴት፣ መንገድ ዳር አህያ የሚነዳ ልጅ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ አለፈች። ልጁን ዞሬ አየሁት፤ ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ያፏጫል።

ቤቴ ገብቼ አዲስ ደብተር አወጣሁ። ጥር፤ ግራ፣ ሦስት መጽሐፍ። ቀኝ ላይ ብዙ ቆየሁ። በ164 ገጽ ሄጄ በ139 ነው የተመለስኩት። ሲቀነስ 25 ገጽ። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ጽፌ አላውቅም።

በሳምንቱ እማማ ደወሉ። ደኅንነቴን፣ ቡናው እንዳለቀ፣ እናቴ እንደተሻላት ጠየቁ። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ልጁስ? ከደሴቱ ወጣ?»

«ገና ነው እማማ። እሷ ጀልባዋ ላይ ሆና እየጠበቀችው ነው።»

«እስካሁን? በዚያ ፀሐይ?»

«እስካሁን።»

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ጥላ ስጫት!»